ይሉኝታችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ውጡ!

ክረምት በመጣ ቁጥር ሲያትልና አካባቢዋ ያለን የሀበሻ ልጆች አንድ አመል አውጥተናል። የዋትስአፕ ግሩፕ ይከፈታል፣ ስም ይወጣለታል፣ ከተራራው ሥር ቤት ይከራያል፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክርክር ነው። ማን ከማን ጋር ይተኛል? (ክፍል ማለታችን ነው።) ሽሮውን ማን ይይዛል? እንጀራ ስንት ይበቃል? ስፒከር ያለው ማነው? ለበረዶ የሚሆን ጎማ ያለው የማን መኪና ነው? «ክትፎ በዚያ ብርድ አይበላሽም» የሚል ሳይንቲስትም አይጠፋም። መቶ ምናምኑን መልእክት አንብበን ስንጨርስ ግን አንድ ነገር የጠየቀ ሰው አናገኝም። የት ነው የምንንሸራተተው? ከገመዱ ውስጥ ነው ወይስ ከገመዱ ውጪ? ከገመዱ ውጪ ከሆነስ «ዛሬ አይሆንም» የማለት ሥልጣን ያለው ማነው?

ዛሬ ጠብ ልናነሳ ነው። ጠባችን ከበረዶው ጋር አይደለም፤ በረዶ ያው በረዶ ነው። ከስኖውቦርድ ጋርም አይደለም፤ እንወደዋለን። ጠባችን ከዚያ ግሩፕ ጋር ነው። ይበልጥ በግልጽ ለመናገር፣ ጠባችን ከይሉኝታ ጋር ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። የስኪ ሪዞርት የታጠረ ቦታ ነው። በገመዱ ውስጥ ያለውን ተዳፋት ሠራተኞች ሌሊት በማሽን ሲያስተካክሉት ያድራሉ። ብዙ በረዶ በወረደ ማግሥት ደግሞ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት ፓትሮሎች ናዳ ሊነሳባቸው የሚችሉትን ቦታዎች በፈንጂ ጭምር እየመቱ ያራግፏቸዋል። ከገመዱ ውጪ፣ አውሮፓውያን «ኦፍ ፒስት» አሜሪካኖች «ባክካንትሪ» የሚሉት አገር ግን፣ ይህን የሚያደርግላችሁ የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንዲት በር ስፋት ብቻ ነው። ከሊፍቱ ወርዳችሁ፣ ቦርዳችሁን ይዛችሁ ጥቂት ትራመዳላችሁ፣ በበሯ ታልፋላችሁ፣ አለቀ። በረዶው ያው ይመስላል። እንዲያውም ያኛው የበለጠ ያምራል፤ ነጭ፣ ያልተረገጠ፣ ፎቶ አንሡኝ አንሡኝ የሚል። ትኬቱን ከሪዞርቱ ስለገዛን ሪዞርቱ የሚጠብቀን የሚመስለን እዚህ ላይ ነው።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ «ስኖው ፎል»ን ያውቃል። ጆን ብራንች ለኒውዮርክ ታይምስ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 የወጣውና በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ዘገባ ነው። እኛንም አስተምረውናል። ምን አስተማሩን? ምስሉ ከጽሑፉ ጋር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ካርታው እንዴት እንደሚዞር፣ ቪዲዮው የት ጋ እንደሚገባ። ስለ ሳህኑ ቅርጽ ስንወያይ ምግቡን የቀመሰ አልነበረም።

ምግቡ ይኸውላችሁ። እሑድ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012፣ ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በሚርቀው ስቲቨንስ ፓስ፣ 16 ሰዎች ከሪዞርቱ ወሰን ወጥተው ተነል ክሪክ በሚባለው በኩል ለመውረድ ተነሡ። ጀማሪዎች አልነበሩም። የስኪ ጋዜጠኞችና ፎቶግራፈር፣ የውድድር ዳኛ፣ ስመጥር ስኪተኞች፣ ተራራውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ነበሩበት። የዕለቱ የናዳ ትንበያ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ይህንንም የሚያውቁ ነበሩ። ናዳው ተነሣ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። አንዲት ስኪተኛ በናዳው ተወስዳ ከጀርባዋ በሚነፋ የአየር ከረጢት ተረፈች።

ብራንች በሕይወት የቀሩትን ሲያነጋግር ያገኘው ነገር ነው እኛን እንቅልፍ የነሳን። ከመካከላቸው ልባቸው የጠረጠረ ነበሩ። «ሰው በዛ» ብለው ያሰቡ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ አዋቂ መሀል ማን አፉን ይክፈት? እያንዳንዱ የጎረቤቱን ፊት አየ፤ ጎረቤቱ ካልተጨነቀ እኔ ምን ያስጨንቀኛል አለ። ጎረቤቱም የሚያየው የእሱን ፊት ነበር።

ኢያን ማካመን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ሰዎች የሚወድቁባቸውን ወጥመዶች ዘርዝሯል። ቦታውን ለምጄዋለሁ ማለት። በሌሎች ዘንድ መወደድን መፈለግ። አንዴ የጀመሩትን አልተውም ማለት። አዋቂ የመሰለውን ሰው ተከትሎ መሄድ። ሌላው ሳይቀድመኝ ብሎ መሽቀዳደም። ሰው ካለበት ደህና ነው ብሎ ማሰብ። የናዳ ስልጠና የወሰዱት እንኳ ከእነዚህ አላመለጡም። ፈረንጅ ለዚህ ሁሉ ስም ሲፈልግ ስድስት ወጥመድ ቆጠረ። እኛ ግማሹን በአንድ ቃል ጨርሰነዋል፤ ይሉኝታ። ቃሉ ካለን ዘመን የለውም፤ መድኃኒቱን ነው ያልፈለግነው። እንዲያውም ይሉኝታ የሌለውን ሰው እንሰድብበታለን።

የኛ ቡድን እንዴት እንደሚያስብ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንዷ ተነሥታ «ነገ ናዳ ቢኖርስ?» ብትል መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ ክፉ አታውሪ!» «ሟርተኛ!» በኛ ዘንድ ስለ ሞት ማውራት ሞትን መጥራት ነው፤ ስለዚህ የናዳ ትንበያ የሚያነብ ሰው እንደ ጠንቋይ ይታያል። ይቺው ልጅ ሁለተኛ ከጠየቀች ደግሞ «ሴቶቹ ፈሩ» ተብሎ ይሳቃል። ወንድ ከጠየቀ የባሰ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጽል ስም ይወጣለታል። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ማን ይጠይቃል? «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለጎረቤት ሐሜት ሊሠራ ይችላል። ተዳፋት ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ከሥር ከሥር ነው የሚነቅዘው።

ከሥር ያልነው ለማሳመር አይደለም። በረዶ ተራራ ላይ እንደ ተደራረበ ፍራሽ ነው የሚተኛው። የኅዳሩ ከታች፣ የታኅሣሡ ከላዩ፣ የትናንት ማታው ከሁሉም በላይ። አንዳንዴ በመሀል አንድ ደካማ ሽፋን ይቀራል፤ እንደ ስኳር የተበታተነ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ። ከላዩ ነፋስ የጠቀጠቀው ንጣፍ ያርፍበታል። ከውጭ ለሚያየው ሰላም ነው። ሰው ሲጫነው ግን ደካማው ሽፋን ይሰበራል፣ ስንጥቁ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ንጣፉም እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተገንጥሎ ይወርዳል። ይህ በብዛት የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ጉዱ፣ ለቦርድ የሚጥመውም ይኸው ነው። ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች ከ10 ዘጠኝ ያህሉን የሚቀሰቅሰው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት የነበረ ሰው መሆኑን ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን በየዜናው «የተፈጥሮ አደጋ» እያላችሁ መጻፍ ብትተዉ ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ ሌላም ተረታችን ይወድቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ለድግስ እውነት ነው፣ ለለቅሶም እውነት ነው። ተራራው ላይ ግን ሎሚዎቹ እኛ ነን፤ ተሸካሚው በረዶው ነው። አንዱ አልፎ ምንም ሳይሆን ይቀርና አምስተኛው ላይ ሊሰበር ይችላል። «እነእከሌ ወርደውበታል» ማለት ማስረጃ የማይሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ሰው ሲወርድ ሌላው ደህና ቦታ ቆሞ የሚያየው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዳፋቱ ላይ የማይሰፍረው፣ ከላይ ከሚንጠለጠል በረዶ ሥር ቆሞ የማይጠበቀው ለዚህ ነው። አሥራ አራት ሰው ለቡድን ፎቶ ተደርድሮ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ የሚወርድበትን ቪዲዮ ላይክ የምታደርጉ ወዳጆቻችን፣ ላይክ ያደረጋችሁት ምን እንደሆነ አስቡበት።

ለቦርድ ነጂዎች ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሁለቱም እግር በአንድ ሳንቃ ላይ የታሰረ ነው። ሜዳ ሲያጋጥም ስኪተኛው በዘንጉ እየገፋ ያልፋል፤ እኛ እንቆማለን፣ ቦርዱን እንፈታለን፣ ወገብ በሚያህል በረዶ እየሰመጥን እንራመዳለን። ቡድኑ ወይ ትቶን ይሄዳል ወይ ደግሞ መቆም በሌለበት ቦታ ቆሞ ይጠብቀናል። መንገድ ሲመረጥ ይህን የሚያስብ አለ? በኛ በኩል ካስኬዶች ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው የዛፍ ጉድጓድ አለ። በትላልቆቹ ጥዶች ግንድ ዙሪያ፣ ከቅርንጫፎቹ ሥር፣ በረዶው ሳይጠቀጠቅ ክፍት ቦታ ይቀራል። በጭንቅላቱ የተተከለበት ሰው ያለ ረዳት መውጣት አይሆንለትም ቢባል ይሻላል፤ በፈቃደኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ከ10 ዘጠኙ ራሳቸውን ማውጣት አልቻሉም። ለዚህ ናዳም አያስፈልገውም፣ ከገመዱ መውጣትም አያስፈልግም። ጓደኛችሁን ከዓይናችሁ ካጣችሁት በቂ ነው። ስንቶቻችን ነን ሊፍት ሥር ደርሰን «እንትና የት ሄደ?» የምንባባለው?

አሁን ወደ ትንበያው። የሰሜን ምዕራብ የአቫላንች ማእከል በክረምት በየቀኑ የሚቀጥለውን ቀን ትንበያ በነፃ ያወጣል። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። አብዛኛው ሰው ችግር የሚገጥመው 3 ላይ ነው። 3 ሲባል ሰው «መካከለኛ» ይመስለዋል፤ የኛ ሰው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ትዝ ይለውና ሲ ያሳልፋል ይላል። አያሳልፍም! ደረጃዎቹ እኩል ደረጃ አይደሉም፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር አደጋው በእጥፍና ከዚያ በላይ ይዘላል። 3 ማለት ሰው በቀላሉ ናዳ ሊቀሰቅስ ይችላል ማለት ነው። በስዊዘርላንድ በናዳ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በደረጃ 3 ቀን ነው። በ5 ቀንማ ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ 3 ላይ ግን ፀሐይ ይወጣል፣ በረዶው ትኩስ ነው፣ ቤቱ የተከራየው እስከ ሰኞ ብቻ ነው።

«ዕቃ ገዝተናል» ለሚሉን። ጥሩ። ቢከን፣ አካፋ፣ ፕሮብ የሚባለው ተጣጣፊ ዘንግ፤ ሦስቱም በእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ላይ መኖር አለባቸው፤ «ከቡድኑ አንዱ ይዟል» አይሠራም። ያ አንዱ ቢቀበርስ? ቢከን የራስ ዕቃ ይመስላል እንጂ የሚያወጣችሁ የጓደኛችሁ ቢከን፣ የሚቆፍርላችሁም የጓደኛችሁ አካፋ ነው። በስዊዘርላንድ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት መካከል በ10 ደቂቃ ውስጥ የወጡት ከ10 ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሲደርስ ከ10 ሦስቱ ገደማ ብቻ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን ይመጣል? ሄሊኮፕተር አይመጣም። 911 ደውሎ ያለንበትን ማስረዳት ራሱ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም ኔትወርክ ካለ። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ሰው ለማውጣት ደግሞ አንድ ቶን ገደማ በረዶ መዛቅ አለ፤ ናዳ ሲቆም የሚጠጥረውም እንደ ሲሚንቶ ነው። ከተቆፈረ ዓመት የሞላው ጡንቻ ይዞ መቅረብ ነው እንግዲህ!

ለዚህ ነው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው። ቢከኑን ከሱቅ አውጥቶ ደረት ላይ አስሮ ፎቶ መነሳት መጠምጠም ነው። መማር ማለት አንዱ ቢከን ተቀብሮ ሌላው በሰዓት እየተለካ ሲፈልግ ነው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ አጠገቡ ሰው እየጮኸ። ስልካችሁን ከቢከኑ ጎን በአንድ ኪስ ከትታችሁ እንደማትፈልጉ መማርም አለ፤ ስልክ ቢከንን ያደናግራል። የሁለት ቀን ኮርስ አለ፣ የኪራይ ቢከን አለ። ውድ ነው የምትሉ፣ ባለፈው የቡድን ጉዞ ለመጠጥ ያወጣችሁትን ደምሩና እንነጋገር።

እና ምን ይሁን ነው የምትሉት? ትሉናላችሁ። ከገመዱ ውጪ በአሥራ አራት ሰው አይወጣም። ሦስት፣ አራት ሰው ይበቃል፤ የሚተዋወቅ፣ የተማረ፣ እኩል የሚችል። ቀሪው በገመዱ ውስጥ ይውላል፣ ይህም ውርደት አይደለም። ዘንድሮ ቦርድ የጀመረ ልጅ ገና ተረከዙ ላይ መቆም ሳይችል «ፓውደር ላይ መውደቅ አያምም» ተብሎ በዚያች በር ሲመራ አይተናል፤ የመራው ሰው ወዳጁ ነው፣ ክፋትም የለበትም፣ ለብቻው ቀርቶ እንዳይከፋው ብሎ ነው። ይሉኝታ ያልነው ይሄን ነው። ትንበያው ማታ እራት ላይ፣ ሙዚቃው ተዘግቶ፣ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጠዋት በሩ ላይ ሲደረስ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ዝም መባባል የለም፤ እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ፣ ልምዱ ከሁሉም ያነሰው መጀመሪያ ይናገር። ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረማ ታናሹ ምን ይላል? በኛ ባህል «እሺ ጋሼ» ብቻ ነው የሚለው። አንድ ሰው «አይ» ካለ ደግሞ አይ ነው። ለምን አይባልም፣ ድምፅ አይቆጠርም፣ ቀልድ አይወጣም።

ቡድን መሪ የሚባለውን ነገርም እንየው። አብዛኛውን ጊዜ መሪያችን ቤቱን በክሬዲት ካርዱ የያዘው ልጅ ነው። ወይም ከሁሉም ቀድሞ አሜሪካ የገባው። ወይም የማይፈራው! የማይፈራ ሰው ለመሪነት የሚታጨው በየትኛው ሙያ ነው?

በነገራችን ላይ ይህን ስንጽፍ «መጀመሪያውንስ ሀበሻን ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ባንዲራችንን ይዞ ገብቷል። ተገናኝተናል እንግዲህ። አትውጡ እያልን አይደለም። ከእናቶቻችን ጋር አንሰለፍም (ይቅርታ እማዬ)።

አንድ ነገር ይቀረናል፣ እሱም ቀብዱ ነው። በየጉዞው ትልቁ ውሸት የሚወለደው ከከፈልነው ገንዘብ ነው። ቤቱ አይመለስም፣ ፈቃድ የተወሰደው ለሦስት ቀን ነው፣ የሊፍት ትኬቱ ዋጋ አይነሳ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ትንበያው መጥፎ ሆኖ ሲገኝ ሁሉም ሰው በልቡ ሒሳብ ይሠራል፤ «አይ» ያለው ልጅም የአሥራ ሦስት ሰው ገንዘብ እንዳቃጠለ ይሰማዋል። ይህን ከቤታችሁ ሳትወጡ መፍታት ትችላላችሁ። ቦታ ስትመርጡ በገመዱ ውስጥ ብቻ ሦስት ቀን የሚያስውል ሪዞርት ምረጡ፣ ከገመድ ውጪ ያለውን በእቅዱ ላይ «ከተቻለ» ብላችሁ ጻፉት። ገንዘቡን ስትሰበስቡም ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጨምራችሁ ያዙ፤ አንድ ሰው «ዛሬ አይሆንም» ባለ ቀን ሁሉም በዚያ ገንዘብ ከተማ ወርዶ ምሳ ይብላ፣ ልጁም የፈለገውን ይዘዝ።